ከድድ እስከ አንጀት፦ ባክቴሪያና የምግብ መፍጫ አካላት ካንሰር

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ይወርዳል)

 የዛሬው የጤና ዝግጅታችን በአፍና በአንጀት ውስጥ ስለሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነው። ከእነዚህ ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹን ከጨጓራ፣ ከትልቁ አንጀት፣ ከቆሽትና ከምግብ ቧንቧ ካንሰር ጋር ምን እንደሚያገናኛቸው፣ ሳይንስ እስካሁን ምን እንዳረጋገጠ፣ ከዚህም ተነስቶ ሰው ራሱን እንዴት ሊጠብቅ እንደሚችል እንመለከታለን። በዝግጅቱ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አብራችሁን ቆዩ።

(አጭር ሙዚቃ)

በ1982 የፋሲካ ሰሞን፣ በምዕራብ አውስትራሊያዋ የፐርዝ ከተማ፣ በሮያል ፐርዝ ሆስፒታል ሁለት ሐኪሞች አንድ ጥያቄ እረፍት ነስቷቸው ነበር። የፓቶሎጂ ሐኪሙ ዶክተር ሮቢን ዋረን ከ1979 ጀምሮ፣ ጨጓራቸውን ከታመሙ ሰዎች በተወሰደ ናሙና ላይ ጠምዘዝ ያለ ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ ሲያዩ ቆይተዋል። ወጣቱ ሐኪም ዶክተር ባሪ ማርሻልም አብረዋቸው መሥራት ጀምረዋል። ይሁን እንጂ ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ውስጥ ለማራባት የሞከሩት ሁሉ አልተሳካም። ናሙናው በ2 ቀናት ውስጥ ምንም ካላበቀለ ይጣል ነበር። በዚያ የፋሲካ በዓል ግን የሚጥለው ሰው ስላልነበረ ናሙናው ሳይነካ ሰነበተ። ከበዓል መልስ ሲታይ ባክቴሪያው በቅሏል። ዝግ ብሎ የሚያድግ ፍጥረት ስለነበር የጎደለው ጊዜ ብቻ ነበር።

ግኝቱን ግን የሚቀበል ሰው በቀላሉ አልተገኘም። በዚያ ዘመን የጨጓራ ቁስል የሚመጣው ከጭንቀትና ከአሲድ ብዛት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። እንዲያ ባለ ብርቱ አሲድ ውስጥ ባክቴሪያ ተመቻችቶ ይኖራል ቢባል ማን ያምናል? ዶክተር ማርሻል በ1984 ባክቴሪያው የተራባበትን ፈሳሽ ራሳቸው ጠጡት። ቀናት ሳይቆጠሩ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ጀመራቸው። በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ቀጭን የካሜራ ቧንቧ ሲታዩም ጤነኛ የነበረው ጨጓራቸው ተቆጥቶ፣ ባክቴሪያውም እዚያው ሰፍሮ ተገኘ። በ2005 ሁለቱ ሐኪሞች የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ባክቴሪያው ዛሬ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ፣ በአጭሩ ኤች ፓይሎሪ ይባላል።

ኤች ፓይሎሪ ዩሪዬዝ የተባለ ኢንዛይም አለው። በዚህ ኢንዛይም አሞኒያ ያመርትና በዙሪያው ያለውን አሲድ ኃይል ያሳጣዋል። ከዚያም የጨጓራን ግድግዳ በሚሸፍነው ዝልግልግ ፈሳሽ ሥር ገብቶ ይሸሸጋል። ካግ ኤ የተባለ ፕሮቲን ያላቸው ዝርያዎች ደግሞ ፕሮቲኑን በቀጥታ ወደ ጨጓራ ሴሎች ውስጥ ያስገቡታል። ባለቤቱ ምንም ሳይታወቀው ጨጓራው ለአሥርት ዓመታት ተቆጥቶ ይኖራል። ቀስ በቀስ አሲድ የሚያመነጨው ክፍል ይሳሳል፤ የጨጓራው ሽፋን የአንጀትን ሽፋን መልክ እየያዘ ይሄዳል፤ ቀጥሎ የሴሎቹ ቅርጽ ይዛባል፤ በጥቂት ሰዎች ላይ ደግሞ መጨረሻው ካንሰር ይሆናል። ይህን የደረጃ በደረጃ ለውጥ አጥንተው ያስተማሩት የኮሎምቢያ ተወላጁ የፓቶሎጂ ሊቅ ፔላዮ ኮሬያ ናቸው።

የጃፓን ሐኪሞች በ2001 ያሳተሙት ጥናት ጉዳዩን በቁጥር አሳይቷል። ሐኪሞቹ 1,526 ሕሙማንን በአማካይ ለ7.8 ዓመታት ተከታተሉ። ከእነዚህ ውስጥ 1,246ቱ ባክቴሪያው ነበረባቸው፤ 280ዎቹ አልነበረባቸውም። ባክቴሪያው ከነበረባቸው 36 ሰዎች የጨጓራ ካንሰር ያዛቸው። ካልነበረባቸው ግን አንድም ሰው አልታመመም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ቀደም ብሎ በ1994 ኤች ፓይሎሪን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ተርታ መድቦት ነበር።

እዚህ ላይ ግን ማንም ሰው እንዳይደነግጥ አንድ ነገር አብሮ መነገር አለበት። በዚሁ በጃፓኑ ጥናት ባክቴሪያው ከነበረባቸው 100 ሰዎች 97ቱ በጥናቱ ዘመን ካንሰር አልያዛቸውም። በኢትዮጵያ የተካሄዱ ልዩ ልዩ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ከተመረመሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ኤች ፓይሎሪ ተገኝቶባቸዋል። ከእነዚህም አብዛኞቹ የጨጓራ ካንሰር አይዛቸውም። የባክቴሪያው ዝርያ፣ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት፣ ጨው የበዛበት ምግብና ሲጋራ ሁሉ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ሕክምናውም አለ። በተለመደው አሠራር ቢያንስ ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክና አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ከ10 እስከ 14 ቀናት ይወሰዳሉ። ችግሩ የሚመጣው ሕመሙ ቀለል ሲል መድኃኒቱ በመሀል ሲቋረጥ ነው። ያልሞተው ባክቴሪያ ይቀጥላል፤ መድኃኒቱንም ይለምዳል። ስለዚህ ሕክምናው ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ በትንፋሽ ወይም በሰገራ ምርመራ ባክቴሪያው መጥፋቱን ማረጋገጥ ይመከራል። የደም ምርመራ ለዚህ አይሆንም። ባክቴሪያው ከጠፋም በኋላ ደም ውስጥ ያለው ምልክት ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ፣ የዳነውን ሰው እንዳልዳነ ሊያሳይ ይችላል።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ከጨጓራ ወደ ላይ ወጥተን ወደ አፍ እንሂድ።

በ1683 የኔዘርላንድስ ሰው የነበረው አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ከጥርሶቹ መሀል ነጩን ቆሻሻ ፍቆ፣ በገዛ እጁ በሠራው ማጉያ መነጽር አየው። ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ፍጥረታት ወዲያና ወዲህ ሲሉ ተመለከተ፤ ያየውንም ለንደን ለሚገኘው የሳይንስ ማኅበር በደብዳቤ ገለጸ። ዛሬ በሰው አፍ ውስጥ ከ700 በላይ የባክቴሪያ ዝርያዎች እንደሚገኙ ይታወቃል። እርግጥ ሁሉም በአንድ ሰው አፍ ውስጥ አይገኙም። በመላው ሰውነት ያሉትን ደግሞ እስራኤል ውስጥ ሬሆቮት በሚገኘው የቫይዝማን ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2016 አስልተዋቸዋል። 70 ኪሎ በሚመዝን ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ 38 ትሪሊዮን ገደማ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ አብዛኞቹም ትልቁ አንጀት ውስጥ ናቸው። ሁሉም ተሰብስበው ቢመዘኑ ግን 200 ግራም ገደማ ቢሆኑ ነው።

አብዛኞቹ ጠላቶቻችን አይደሉም። የማንፈጨውን የምግብ ቃጫ ይፈጩልናል፤ ቫይታሚን ያመርታሉ፤ በሽታ አምጪ ተህዋስያን ቦታ እንዳያገኙ ይከላከላሉ። አፍና አንጀት ግን በአንድ ቧንቧ የተያያዙ ናቸው። አንድ ሰው በቀን 1 ሊትር ገደማ ምራቅ ይውጣል፤ ከምራቁም ጋር የትየለሌ ባክቴሪያ ይወርዳል። ጨጓራ ውስጥ ያለው አሲድ አብዛኛውን ይገድለዋል። ከዚያ የተረፈው ወደ አንጀት ይዘልቃል። ድዱ የታመመና የሚደማ ሰው ደግሞ ሌላም በር ተከፍቶበታል፤ ባክቴሪያው በቁስሉ በኩል ወደ ደም ሥር ይገባል።

ከዚህ ሁሉ የአፍ ነዋሪ መካከል የካንሰር ተመራማሪዎችን ትኩረት ከማንም በላይ የሳበው ፉሶባክቴሪየም ኑክሊያተም ይባላል። ረዘም ያለና ጫፎቹ የሾሉ ባክቴሪያ ነው። የጭቃ ቤት ግድግዳን ማገር እንደሚያያይዘው ሁሉ፣ ይህም ባክቴሪያ በጥርስ ላይ የሚሰፍሩትን ልዩ ልዩ ዝርያዎች እርስ በርስ ያያይዛቸዋል። ጤነኛ አፍ ውስጥም ይገኛል፤ ድድ ሲታመም ግን ይበረክታል።

ከ2011 በፊት ይህን የአፍ ነዋሪ ከአንጀት ካንሰር ጋር ያያያዘው ሰው እምብዛም አልነበረም። በዚያ ዓመት ሁለት የምርምር ቡድኖች፣ አንዱ በአሜሪካ ቦስተን፣ ሌላው በካናዳ ቫንኩቨር፣ የየራሳቸውን ጥናት ይፋ አደረጉ። ሁለቱም የትልቁ አንጀት ካንሰር ዕጢዎችን ዘረመል አንድ በአንድ አንብበው ነበር። በዕጢው ውስጥ ያገኙት ፉሶባክቴሪየም በአጠገቡ ካለው ጤነኛ የአንጀት ክፍል ይልቅ እጅግ የበዛ ነበር።

ቀጣዩ ጥያቄ ባክቴሪያው ከአፍ ተነስቶ ዕጢውን እንዴት ያገኘዋል የሚል ነበር። ከመልሶቹ አንዱ የመጣው ከኢየሩሳሌም ነው። በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ፋፕ 2 የተባለውን፣ በባክቴሪያው ገላ ላይ ያለ ፕሮቲን አጠኑ። ይህ ፕሮቲን በካንሰር ሴሎች ላይ በብዛት የሚገኝ አንድ ዓይነት የስኳር ውሁድ ላይ ይጣበቃል። ይኸው ፕሮቲን ሌላም ሥራ አለው፤ ካንሰርን ሊገድሉ በሚመጡ ነጭ የደም ሴሎች ላይ ያለውን የማቆሚያ ቁልፍ ይጫናል። ሴሎቹም መግደላቸውን ይተዋሉ። በዚህ መንገድ ባክቴሪያው ለራሱ መኖሪያ ሲያገኝ፣ ካንሰሩ ደግሞ ከሰውነት መከላከያ ከለላ ያገኛል።

የጃፓኗ ዮኮሃማ ተመራማሪዎች በበኩላቸው፣ ዕጢው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በእርግጥ ከሕመምተኛው አፍ የመጣ መሆኑን ለማወቅ ፈለጉ። ከአንጀት ካንሰር ሕሙማን ምራቅና ዕጢ ናሙና ወሰዱ። በሁለቱም ቦታ ባክቴሪያው ከተገኘባቸው 8 ሰዎች በ6ቱ ላይ የአፉና የዕጢው ዝርያ አንድ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ በ2019 ታትሟል። የተመረመሩት ሰዎች ጥቂት ቢሆኑም፣ አፍ መነሻ ሊሆን እንደሚችል በግልጽ አመልክቷል።

ባክቴሪያው ከዕጢው ጋር አብሮ መጓዙም ታውቋል። በ2017 የቦስተን ተመራማሪዎች ከትልቁ አንጀት ተነስቶ ወደ ጉበት የተዛመተ ካንሰር ውስጥ ያንኑ ፉሶባክቴሪየም አገኙት። የሰው ካንሰር በአይጦች ላይ ተክለው አይጦቹን ሜትሮኒዳዞል በተባለው፣ በየፋርማሲው በሚታወቀው አንቲባዮቲክ ሲያክሟቸው የዕጢው እድገት ቀነሰ። በዚያው ዓመት የሻንግሃይ ተመራማሪዎች ባክቴሪያው የካንሰር ሴሎች የኬሞቴራፒን መድኃኒት እንዲቋቋሙ እንደሚረዳ አሳዩ። ይህም ከሕክምና በኋላ ካንሰሩ ለምን በአንዳንዶች ላይ እንደሚመለስ ከሚያስረዱ ምክንያቶች አንዱ ሊሆን ይችላል።

በ2024 ደግሞ በሲያትል የፍሬድ ሃች የካንሰር ማዕከል ተመራማሪዎች ፍለጋውን ይበልጥ አጠበቡት። 200 ገደማ ዕጢዎችን መርምረው ጥፋተኛው የባክቴሪያው ቤተሰብ በሙሉ ሳይሆን አንድ ንዑስ ወገን መሆኑን ለዩ። ይህ ወገን በግማሽ ገደማ ዕጢዎች ውስጥ ተገኝቷል። አሲድን መቋቋም የሚያስችሉ ባሕርያት ስላሉት በጨጓራ አልፎ አንጀት ለመድረስ ከዘመዶቹ የተሻለ ዕድል አለው።

አድማጮቻችን፣ እዚህ ላይ አጥብቀን የምናሳስበው ነገር አለ። በአይጥ ላይ የታየ ውጤት በሰው ላይ የተረጋገጠ ሕክምና አይደለም። ይህን የሰማ ሰው ካንሰርን እከላከላለሁ ብሎ ሜትሮኒዳዞል ገዝቶ ቢውጥ፣ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች አብሮ ይገድላል፤ ጎጂዎቹንም መድኃኒት ያስለምዳል።

(አጭር ሙዚቃ)

የአንጀት ባክቴሪያ ሁሉ ከአፍ የመጣ አይደለም። ኢ ኮላይ በእያንዳንዱ ሰው አንጀት ውስጥ ይኖራል ማለት ይቻላል። በ2006 ግን በፈረንሳይዋ ቱሉዝ የሚሠሩ ተመራማሪዎች አንዳንድ የኢ ኮላይ ዝርያዎች ኮሊባክቲን የተባለ መርዝ እንደሚያመርቱ አወቁ። ይህ መርዝ የሴሎችን ዲ ኤን ኤ ይጎዳል። በኔዘርላንድስ ዩትሬክት የሚገኙ ሳይንቲስቶች በላቦራቶሪ ያሳደጉትን ጥቃቅን የሰው አንጀት ሕብረ ሕዋስ ለ5 ወራት ከዚህ ባክቴሪያ ጋር አቆዩት። ከዚያ ዲ ኤን ኤውን ሲያነቡ መርዙ የራሱን መለያ አሻራ ትቶ አገኙት። ያው አሻራ በእውነተኛ ሕሙማን የአንጀት ካንሰር ውስጥም ታየ። ጥናቱ በ2020 ታተመ።

የዚህ አሻራ መታወቅ የሐኪሞችን አንድ ትልቅ ጭንቀት ለመመርመር በር ከፈተ። ካለፉት አሥርት ዓመታት ወዲህ በብዙ አገሮች ዕድሜያቸው ከ50 በታች የሆኑ ሰዎች በትልቁ አንጀት ካንሰር መያዝ እየጨመረ መጥቷል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ የሚመራ ቡድን ከ11 አገሮች የተሰበሰቡ 981 የትልቁ አንጀት ካንሰር ዕጢዎችን መርምሮ በ2025 ውጤቱን አሳወቀ። የኮሊባክቲን አሻራ ከ70 ዓመት በኋላ ከታመሙት ይልቅ ከ40 ዓመት በፊት በታመሙት ላይ በ3.3 እጥፍ ይበልጥ ይገኛል። ጉዳቱ የደረሰውም በልጅነት፣ ምናልባትም በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ውስጥ ሊሆን እንደሚችል ተመራማሪዎቹ ገምተዋል። እንዲህ ከሆነ በ35 ዓመቱ ለታመመ ሰው የበሽታው ጅማሬ ገና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ የደረሰ ጉዳት ሊሆን ይችላል።

ቆሽትም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። የቆሽት ካንሰር ዘግይቶ የሚታወቅና ለሕክምና አስቸጋሪ ነው። ከላይ የጠቀስነው የቫይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች በ2017 ከ113 የቆሽት ካንሰር ዕጢዎች በ86ቱ ውስጥ የባክቴሪያ ዱካ አገኙ። ከእነዚህ ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ ጀምሲታቢን የተባለውን ዋና የኬሞቴራፒ መድኃኒት ሰባብረው ከጥቅም ውጭ የሚያደርግ ኢንዛይም ያመርታሉ። ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት ካንሰሩ ዘንድ ቢደርስም እዚያ ያለው ባክቴሪያ ሊያከሽፈው ይችላል ማለት ነው። በአሜሪካ የተካሄደ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ገና ሳይታመሙ ምራቃቸው ተወስዶ የተቀመጠ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ድድን ክፉኛ የሚያሳምመው ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የተባለ ባክቴሪያ የነበረባቸው ሰዎች በቆሽት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ 59 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ይኸው የድድ ባክቴሪያ በምግብ ቧንቧ ካንሰር ውስጥም ተገኝቷል። በቻይና ሄናን ክፍለ ሀገር በተካሄደና በ2016 በታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ዕጢዎች በ61 በመቶው ውስጥ ታይቷል። ጤነኛ በሆነ የምግብ ቧንቧ ውስጥ ግን ጨርሶ አልተገኘም።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ቅርብ ነው። ከኢትዮጵያ ተነስቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚዘልቀው የምሥራቅ አፍሪካ ሰቅ የምግብ ቧንቧ ካንሰር የሚበዛበት አካባቢ ነው። በአገራችንም አርሲና ባሌ በዚህ ካንሰር ይታወቃሉ። በምዕራብ ኬንያዋ ኤልዶሬት የተካሄደ ጥናት ጥርሳቸው የተጎዳ፣ የወለቀ ወይም ጥርሳቸውን አዘውትረው የማያጸዱ ሰዎች ለዚህ ካንሰር ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። የአፍ ባክቴሪያዎች አልኮልን አሴታልዴሃይድ ወደሚባል ካንሰር አምጪ ኬሚካል እንደሚለውጡም ይታወቃል። ከባክቴሪያው ሌላ የመጠጥ ሙቀትም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የጋለ መጠጥ ካንሰር የማምጣት ዕድል እንዳለው በ2016 አስታውቋል። ቡናውም ሻዩም ሙቀቱ በረድ እስኪል መታገስ ብዙ የሚያስቸግር ነገር አይደለም።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

እስካሁን የሰማችሁትን ሁሉ በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። ባክቴሪያ ዕጢ ውስጥ ተገኘ ማለት ዕጢውን ያመጣው እሱ ነው ማለት አይደለም። ካንሰሩ ቀድሞ ተነስቶ ባክቴሪያው የተመቸ ቦታ አግኝቶ የሰፈረበት ሊሆን ይችላል። በኤች ፓይሎሪ ላይ ለአሥርት ዓመታት የተከማቸው ማስረጃ ጥርጣሬ አይፈቅድም። ስለ ፉሶባክቴሪየም ያለው ማስረጃ ጠንካራ ቢሆንም ገና እየተሟላ ነው። በ2024 የቤልጂየም ተመራማሪዎች በሰገራ ናሙና ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የአንጀት መቆጣትን፣ የሰውነት ክብደትንና ምግብ በአንጀት ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ሲያገናዝቡ፣ ፉሶባክቴሪየም ከካንሰሩ ጋር የነበረው ግንኙነት ደብዝዞባቸዋል። የሌሎች ጥቂት ባክቴሪያዎች ግንኙነት ግን ጸንቶ ቆይቷል።

በዚያው ዓመት ሌላም ነገር ሆነ። እያንዳንዱ የካንሰር ዓይነት የራሱ የባክቴሪያ መለያ አለው፤ ይህም ከደም ሊነበብ ይችላል የሚል፣ በ2020 የታተመና ዓለምን ያነጋገረ ጥናት ከታተመበት መጽሔት እንዲሰረዝ ተደረገ። ሌሎች ሳይንቲስቶች መረጃውን ደግመው ሲመረምሩ የሰው ዲ ኤን ኤ የባክቴሪያ ተብሎ መቆጠሩን ደርሰውበታል። ስለዚህ በአንድ ጠብታ ደም ወይም ምራቅ የባክቴሪያ ምርመራ ካንሰርን አስቀድመን እንነግራችኋለን የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሐኪሞች በተግባር የሚጠቀሙበት እውቀትም አለ። ስትሬፕቶኮከስ ጋሎሊቲከስ የተባለ ባክቴሪያ በደም ውስጥ ወይም በልብ ቫልቭ ላይ ሲገኝ፣ ሕመምተኛው ስለ አንጀቱ ምንም ባያማርርም ሐኪሙ ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት፣ ያዝለታል። ባክቴሪያው ብዙ ጊዜ ከትልቁ አንጀት ካንሰር ወይም ወደ ካንሰር ሊለወጥ ከሚችል ተርፎ የበቀለ ሥጋ ጋር አብሮ ስለሚገኝ ነው። ይህ ግንኙነት መጠርጠር የጀመረው በ1951 ሲሆን፣ በ1977 በሰፊ ጥናት ተደግፏል።

አሁን ወደ ማዕዳችን እንምጣ። በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በሁለት የተለያዩ ቦታዎች የሚኖሩ ሰዎችን ምግብ አለዋወጠ። በአሜሪካ ፒትስበርግ የሚኖሩ 20 ጥቁር አሜሪካውያን ለ2 ሳምንት የደቡብ አፍሪካን የገጠር ምግብ በሉ፤ ከደቡብ አፍሪካ ገጠር የመጡ 20 ሰዎች ደግሞ ሥጋና ስብ የበዛበትን የአሜሪካን ምግብ በሉ። ጥቁር አሜሪካውያን ከሌላው አሜሪካዊ በትልቁ አንጀት ካንሰር ይበልጥ ይያዛሉ፤ በገጠር አፍሪካ ግን በሽታው ብዙም አይታይም። ምግባቸው ከተቀያየረ ከ2 ሳምንት በኋላ የአሜሪካውያኑ አንጀት መቆጣት ቀነሰ፤ የአንጀትን ሽፋን የሚመግበውና የሚጠብቀው ቡቲሬት የተባለ ንጥረ ነገርም ጨመረ። በአፍሪካውያኑ ላይ የታየው ተቃራኒው ነበር። ቡቲሬትን የሚያመርቱት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ የሚያመርቱትም ከምግብ ቃጫ ነው። 14 ቀን የሚያህል አጭር ጊዜ ይህን ሁሉ መለወጡ ተመራማሪዎቹን ሳይቀር አስደንቋል።

በዚህ ረገድ የአገራችን ማዕድ የሚያኮራ ነው። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ከነገለባው ይፈጫል፤ ቃጫውም አብሮ ይበላል። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና ጎመን በጾም ጊዜ ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ሊበሉ የሚገባቸው ናቸው። በከተማም ሆነ በውጭ አገር የሚኖር ወገናችን በነጭ ዳቦ፣ በለስላሳ መጠጥና በፋብሪካ በተቀነባበረ ሥጋ ሲተካቸው፣ አንጀቱ ውስጥ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ምግባቸውን ያጣሉ።

አፍን በተመለከተ፣ ጥርስን በቀን 2 ጊዜ መቦረሽ መሠረታዊ ነገር ነው። ብሩሽ ባይኖርም ቅድመ አያቶቻችን የተጠቀሙበት መፋቂያ በደንብ ከተሠራበት ጥርስን ያጸዳል። ጫፉን እያኘኩ ማለስለስ፣ ድድን ሳያቆስሉ እያንዳንዱን ጥርስ በውስጥም በውጭም መፋቅ ያስፈልጋል። ጥርስ ሲቦረሽ ድድ መድማቱ የተለመደ ነገር ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ የድድ በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል የጥርስ ሐኪም ይየው። ሲጋራ ድድንም፣ የምግብ ቧንቧንም፣ ቆሽትንም በአንድነት ይጎዳል።

በመጨረሻም በአገራችን ብዙ ሕይወት እያስከፈለ ስላለው መዘግየት እንናገር። በኢትዮጵያ የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር ከጡትና ከማኅፀን በር ካንሰር ቀጥሎ በብዛት ከሚታዩት ውስጥ ነው። ሆኖም ሰገራው ላይ ደም ያየ ሰው ብዙ ጊዜ "ኪንታሮት ነው" ብሎ ይተወዋል፤ ወይም ኪንታሮት እናድናለን የሚሉ ሰዎች ዘንድ ይሄዳል። ሆዱን ለወራት ያመመው ሰው "ጨጓራዬ ነው" እያለ የአሲድ ማስታገሻ ይገዛል። ወደ ሆስፒታል የሚሄደው ካንሰሩ ከተዛመተ በኋላ ይሆናል። ሰገራ ላይ የሚታይ ደም ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ለሳምንታት የቆየ የሰገራ አወጣጥ ለውጥ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስና የደም ማነስ፣ ምግብ ለመዋጥ መቸገር፣ እንዲሁም ያለ ሕመም የዓይን ቢጫ መሆን ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ምልክቶች ናቸው።

በአሜሪካ የምትኖሩ አድማጮቻችን ደግሞ ይህን ልብ በሉ። በዚያ አገር ምንም ሕመም የሌለበት ሰው እንኳ ለትልቁ አንጀት ካንሰር ቅድመ ምርመራ እንዲጀምር የሚመከርበት ዕድሜ በ2021 ከ50 ወደ 45 ዓመት ዝቅ ብሏል። በቤተሰቡ ይህ ካንሰር ያለበት ሰው ደግሞ ከዚያም ቀድሞ መጀመር ይኖርበታል። ምርመራው ቤት ውስጥ በሚወሰድ የሰገራ ናሙናም ሊጀመር ይችላል። የትልቁ አንጀት ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከጥቃቅን የሥጋ ብቅሎች ነው፤ እነዚህም በኮሎኖስኮፒ ሲታዩ እዚያው ተቆርጠው ይወጣሉ። ወላጆቻችሁ ከእናንተ ጋር የሚኖሩ ከሆነ ቀጠሮ በማስያዝና በአማርኛ በማስረዳት አግዟቸው።

አድማጮቻችን፣ የዛሬው ዝግጅታችን ይህን ይመስል ነበር። ያቀረብነው ትምህርት የሐኪምን ምርመራ አይተካም፤ ከተዘረዘሩት ምልክቶች አንዱ ያለበት ሰው በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ተቋም ይሂድ። በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ጉበት በሽታ፣ በተለይም ስለ ሄፓታይተስ ቢ እና ስለ ክትባቱ ይዘን እንቀርባለን። 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)